ፊቱ የማይታይ ንጉሥ፦ የሦስት ሳንቃ ማስታወሻ

ጥቅምት 11

ሳንቃ ገዛሁ። እንግዲህ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው።

ደብረ ብርሃን ውስጥ ታፔላ ስጽፍ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ባነር ከመጣ ወዲህ ግን ብሩሼ ሥራ ፈታ። ሰው ፎቶውን በፍላሽ ይዞ ይሄዳል፣ ምሳ ሳይደርስ አሳትሞ ይሰቅላል። እኔም እጄ እንዳይዶለዱም ብዬ እንጨት መፈልፈል ያዝኩ። ወፍ፣ መስቀል፣ የገና ካርድ። እንጨቱን ትፈለፍላለህ፣ ባልተፈለፈለው ላይ ቀለም ታንከባልላለህ፣ ወረቀት ታለብሰዋለህ፣ የወረቀቱን ጀርባ በእንጨት ማንኪያ ታሸዋለህ። የፈለፈልከው ነጭ ሆኖ ይወጣል፣ የተውከው ጥቁር። ሌላ ምስጢር የለውም።

በሬሳ ወንዝ አጠገብ ምግብ ቤት ያላቸው አንድ ጋሼ ካርዱን አይተው አስጠሩኝ። ባዶ ግድግዳ አሳዩኝ። "የዘርዐ ያዕቆብን የድል ሰልፍ ሥራልኝ" አሉ። "ንጉሡ ከነሠራዊታቸው። ነጋሪቱ፣ ፈረሱ፣ ምርኮው፣ ሁሉም ይኑር። ለገና ግን ይድረስ።"

ለገና ያሉት እንዲያው ለደንበኛ ብለው አይደለም። ሰውዬው ያነባሉ። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ የአዳሉን ሱልጣን በድላይን ደዋሮ ምድር፣ ጎሚት ላይ ድል ያደረገው በ1438 ዓ.ም. ታኅሣሥ 29 ቀን ነው። ልክ በገና ዕለት። ጋሼ ታኅሣሥ 29 ጠዋት የመጀመሪያው እንግዳ ሲገባ ሰልፉ ግድግዳው ላይ እንዲጠብቀው ይፈልጋሉ። ቀብድ ተቀበልኩ። መመለሻ የለም።

እንጨቱ ዋንዛ ነው። መጀመሪያ ወይራ አስቤ ነበር። ጠጣር ነው፣ ቀጭን መስመር ይይዛል። ግን በዚህ ስፋት ወይራ ከየት ይመጣል? ቢመጣስ መሮዬን ይጨርሰዋል። ዋንዛ ለስለስ ያለ ነው፣ ይታዘዛል። አናጢው ወዳጄ ሦስት ሳንቃ ልጎ ሰጠኝ። እያንዳንዱ 70 በ35 ሳንቲ ሜትር። ጎን ለጎን ሲደረደሩ 2 ሜትር ከ10 ይሆናሉ።

ጥቅምት 15

መሪጌታ ዘንድ ሄድኩ። የንጉሡን ዜና መዋዕል በግእዝ እያነበቡ በአማርኛ ነገሩኝ። ዜና መዋዕሉ በድላይን "አርዌ በድላይ" ይለዋል። አርዌ ማለት አውሬ ነው። ሱልጣኑ ከተገደለ በኋላ አካሉ ተቆራርጦ ወደ ተለያየ አገር እንደተላከ ይናገራል። መሪጌታ እዚያ ላይ ሲደርሱ መጽሐፉን በጣታቸው ያዝ አድርገው "ይህንንም ትቀርጸዋለህ?" አሉኝ። ዝም አልኩ።

ማታ የመጀመሪያውን ንድፍ በካርቶን ላይ ነደፍኩ። ከፊት ነጋሪት የጫኑ በቅሎዎች። ከዚያ መለከትና እምቢልታ። ከዚያ ካህናት፣ ከዚያ ንጉሡ፣ ከዚያ ጦረኛው። በዚያን ዘመን የንጉሡ ወታደር "ጨዋ" ይባል ነበር። ዛሬ ጨዋ የምንለው ሰው ጦር ይዞ አይዞርም፣ ግን ቃሉ ያው ነው። ከሁሉም ኋላ የደብረ ብርሃንን ሜዳና ሥላሴን አስገባሁ። ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ጠዋት ሻይ ይዤ ሳየው ሳቄ መጣ። በ1438 ደብረ ብርሃን የሚባል ከተማ መቼ ነበር? ንጉሡ ከሰማይ የወረደውን ብርሃን እዚህ አይቶ ከተማ የቆረቆረው ከጎሚት ዓመታት ቆይቶ ነው። ሰልፈኞቼ ገና ያልተወለደ ከተማ ፊት ለፊት እየሄዱ ነው።

ጋሼን ስነግራቸው ከፋቸው። ቢያንስ ከሰሜን ሸዋ አንድ ነገር ይግባ አሉ። ተጉለትን ሰጠኋቸው። ንጉሡ ግብፅ ያለው የደብረ ምጥማቅ ገዳም መፍረሱን ሲሰማ በዚያው ስም ቤተ ክርስቲያን ያሠራው ተጉለት ውስጥ ነው። ስለዚህ ከኋላ የተጉለት ገደል፣ ጅብራ፣ ጓሳ ሣር። ሠራዊቱን በዚያ አፋፍ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ። ለዚህ ዜና መዋዕሉ አይጠየቅም።

ጥቅምት 20

ዛሬ ከጋሼ ጋር ተጨቃጨቅን።

ነገሩ የመጣው ከአንድ ፖርቱጋላዊ ቄስ ነው። ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በአፄ ልብነ ድንግል ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1520 አገራችን ገብቶ ስድስት ዓመት የቆየ ሰው ነው። ያየውን በዝርዝር ጽፏል። ንጉሡ ሲጓዝ ቀይ መንጦላዕት ይከበዋል ይላል። ብላቴኖች በዘንግ ከፍ አድርገው ይይዙታል፤ ከኋላ፣ ከግራ፣ ከቀኝ። ክፍት የሆነው ከፊት ብቻ ነው። ንጉሡ ዘውድ ደፍቶ በበቅሎ ይሄዳል። አራት አንበሶችም በሰንሰለት ይመራሉ። ዙፋኑ ላይ ሲቀመጥ እንኳን ፊቱ ላይ ሰማያዊ ሐር ከፍ ዝቅ ይላል። ፊቱ አንዴ ይታያል፣ አንዴ ይሸፈናል።

ይህ ከጎሚት በ75 ዓመት ይርቃል። ቢሆንም የዘርዐ ያዕቆብም ግቢ ንጉሡን እንደ ልብ የሚያሳይ ግቢ አልነበረም። የዘመኑ ሥርዓት ነው፤ ንጉሥ በአጥርና በመጋረጃ ውስጥ ነው።

እኔ ደግሞ የምሠራው ሰልፍ ነው። ሰልፍ የሚቀረጸው ከጎን ነው። ከጎን ለቆመ ሰው የሚታየው ምንድነው? መጋረጃ።

"ገንዘብ ከፍዬ መጋረጃ ልትቀርጽልኝ ነው?" አሉ ጋሼ።

"ጋሼ፣ የዚያን ዕለት መንገድ ዳር ቆመው ቢሆን የሚያዩት እሱን ነበር።"

"እኔ መንገድ ዳር አልቆምኩም። ምግብ ቤቴ ውስጥ ነኝ።"

መልስ አጣሁ። "እስቲ አስብበት" ብለው ሻይ አዘዙልኝ። አሰብኩበት። መጋረጃ ነው። የንጉሥ ፊት ከራሴ አውጥቼ ብሠራ ያው እንደ ሁሉም ፖስተር ይሆናል፤ ጺም፣ ትልልቅ ዓይን፣ ዘውድ። ሁለት ሜትር እንጨት ፈልፍዬ ፖስተር ልሠራ?

በነገራችን ላይ ወረቀት ላይ ብቻ የተሰለፈ ንጉሥም አለ። የጀርመኖቹ ንጉሠ ነገሥት ማክሲሚሊያን ቀዳማዊ እ.ኤ.አ. በ1512 አካባቢ የድል ሰልፉን በእንጨት እንዲቀርጹለት ሠዓሊዎቹን አዘዘ። ከ130 በላይ ሳንቃ ተፈለፈለ። ሲደረደር 54 ሜትር ገደማ ይሆናል። ሰውየው ሳያየው ሞተ፤ የታተመው በ1526 ነው። ሰልፉ መሬት ላይ ተደርጎ አያውቅም። በጀርመኖቹ ሚዛን የእኔ ሦስት ሳንቃ የልጅ ጨዋታ ነው። ማክሲሚሊያን ሲወለድ ግን ዘርዐ ያዕቆብ ገና በዙፋኑ ላይ ነበር።

ጥቅምት 28

መሣሪያ። የእኔ ሁለት መሮዎች ለታፔላ ፊደል እንጂ ለፈረስ ጋማ አይሆኑም። ቀጭን ጎድጓዳ መፈልፈያ እዚህ ከተማ የለም። አዲስ አበባ ስጠይቅ የነገሩኝ ዋጋ ቀብዴን ይውጣል።

የተሰበረ ጃንጥላ አገኘሁ። የጃንጥላ ዘንጎች ጎድጎድ ያሉ ናቸው፤ ጨርቁን የሚወጥሩትን ቀጫጭኖቹን ማለቴ ነው። በአንድ ጣት ርዝመት ቆርጬ ጫፋቸውን በሞረድ ሰያፍ አደረግኩ፣ ከዚያ በመሳያ ድንጋይ፣ ከዚያ በጫማ ቆዳ አለሰለስኩ። እጀታው የወይራ ቅርንጫፍ ነው። ዘንጉን ቀዳዳ ውስጥ በኮላ ሰካሁት። አራት ሠራሁ። አንዱ ወዲያው ታጠፈ። ሦስቱ ግን እንደ ቅቤ ይሄዳሉ። ዋንዛው ላይ የሚተዉት መስመር እንደ ስፌት ክር ቀጭን ነው።

ለንጉሡ ጥላ የሚሆን ነገር ከጃንጥላ መውጣቱን ባለቤቴ ወደደችው። "ጃንጥላው ግን የእኔ ነበር" አለች።

ኅዳር 5

አንድ ሳምንት ሙሉ ጦር ስሰብር ከረምኩ።

ችግሩ ይህ ነው። ሳንቃው ወደ ጎን ረዥም ነው። የእንጨቱም ጅማት ወደ ጎን ይሄዳል። ጦር ደግሞ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ጥቁር ጦር ለማግኘት ግራና ቀኙን ፈልፍለህ መሐል ላይ ቀጭን የእንጨት ግድግዳ ታስቀራለህ። ግድግዳው ጅማቱን አቋርጦ የቆመ ስለሆነ የሚይዘው የለም። መሮው ትንሽ ሲነካው ቀስ ብሎ ሳይሆን ቀጭ ብሎ ይወድቃል። መጀመሪያ ቀን ዘጠኝ ጦር ቀረጽኩ፣ አራት ቀረኝ። ሁለተኛ ቀን አራቱም የሉም።

በኮላ ለጠፍኩ። ኮላው ጦሩን ያዘ፣ ግን ቀለም ሲነካው ያብጣል። ጦሮቹን ላዘንብላቸው አሰብኩ። የተዘነበለ ጦር የደከመ ወይም የተሸነፈ ሠራዊት ይመስላል። ድል አድርጎ የመጣ ሰው ጦሩን እንደ ምርኩዝ አይዝም።

ሰርክ ላይ በር ላይ ቁጭ ብዬ ፀሐይ ስትገባ ሳይ መጣልኝ። ሰማዩን ለምን ነጭ አደርገዋለሁ? ሰማዩን ሳልፈለፍለው ልተወው፣ ጥቁር ይሁን። ጦሮቹን ደግሞ በጃንጥላ ዘንጌ ልጫራቸው። አንድ ጭረት አንድ ጦር። ነጭ ሆኖ ይወጣል። የሚሰበር ነገር የለም፣ ምክንያቱም ጦሩ እንጨት ሳይሆን ጉድጓድ ነው።

አደረግኩት። በአንድ ከሰዓት ከስልሳ በላይ ጦር። ጨለማ ውስጥ እንደ ዝናብ ይመስላል። ወይም እንደ ታኅሣሥ ንጋት፤ እዚህ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ውርጩ ሣሩ ላይ ቆሞ ሲነጋ ያለው ዓይነት። ለገና ጠዋት ከዚህ የተሻለ ሰማይ አላገኝም። ለአንድ ሳምንት ኪሳራዬ ይህን አገኘሁ።

ኅዳር 12

አናጢው ወዳጄ ሥራውን ሊያይ መጣ። አርጎባ ነው፣ የአልዩ አምባ ልጅ። ሦስተኛውን ሳንቃ አገላበጠው። ምርኮኞቹ እዚያ ናቸው።

"እነዚህ የእኛዎቹ ናቸው?" አለ፣ እየሳቀ።

ሳቁ ሳቅ ብቻ አልነበረም። በድላይ የወላስማ ዘር ነው። ወላስማዎች ደግሞ ከኢፋት ናቸው፤ ከዚህ ከደጋው ቁልቁል ሲታይ ያለው ቆላ። አያት ቅድመ አያቶቹ የነገሡበት አገር ዛሬ ሰሜን ሸዋ ነው። ስለዚህ በእኔ ሳንቃ ላይ አሸናፊውም ተሸናፊውም የዚህ አገር ሰዎች ናቸው ቢባል ብዙ አልተሳሳትኩም። ንግሥት እሌኒም ብትሆን፣ የዘርዐ ያዕቆብ ሚስት፣ የሐድያ ባላባት ልጅ ነበረች።

"ለምን አንድ ዓይን ብቻ ሰጠሃቸው?" አለኝ ወዳጄ።

እዚህ ላይ ያዘኝ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደንብ ጻድቅ ፊት ለፊት ይሳላል፣ ሁለት ዓይን አለው። ክፉ ሰው በጎን ይሳላል፣ አንድ ዓይን። ይሁዳ፣ ሰይጣን፣ ወንጀለኛ፣ ሁሉም በጎን። ይህንን ማንም አላስተማረኝም። ከልጅነቴ ግድግዳ ላይ ሳየው አድጌ እጄ ራሱ ያውቀዋል። ምርኮኞቹን ስነድፍ እጄ ሳያማክረኝ በጎን ሠራቸው።

አስረዳሁት። ሰማኝ። "እሺ" አለና ስለ ሳንቃው መጣመም ማውራት ጀመረ። በእርግጥም ሦስተኛው ሳንቃ ጫፉ ተነሥቷል። የተጎደጎደውን በኩል በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኜ ድንጋይ እንድጭንበት ነገረኝ።

ከሄደ በኋላ ድንጋይ ጫንኩ። ከዚያ ቁጭ ብዬ ምርኮኞቹን አየኋቸው። ሰባት ናቸው። ደግነቱ ፊታቸው ገና በእርሳስ ነበር፣ አልተፈለፈለም። ሰባቱንም ደመሰስኩ። ፊታቸውን ወደ ተመልካቹ አዞርኩ። ሁለት ሁለት ዓይን ሰጠኋቸው። የተቆራረጠውን አካልም አልቀርጸውም። ሰው ሽሮ እየበላ የሚያየው ነገር አይደለም፤ ለእኔም አይሆነኝም።

አሁን ሰልፉ ውስጥ ያለው ሁሉ ሁለት ዓይን አለው። ነጋሪት መቺው፣ ካህኑ፣ ምርኮኛው። አንድም ዓይን የሌለው ንጉሡ ብቻ ነው።

ኅዳር 19

ጾም ገብቷል። ሥራውም ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ብዙ የሚጻፍ የለም። ካህናቱን ጨረስኩ። የልብሳቸውን እጥፋት ከፍሬ ጽዮን ተማርኩት፤ በዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበረ ሠዓሊ መነኩሴ ነው፣ ጣና ላይ ዳጋ እስጢፋኖስ ሥዕሉ አለ። የእሱ እጥፋት ጥርት ብሎ የተሰመረ ነው፣ ለመሮ የተፈጠረ ይመስላል።

አራቱን አንበሶች ልጄ መረጠቻቸው። አንዱ እንዲያዛጋ አዘዘች። ያዛጋል።

ኅዳር 27

የሙከራ ኅትመት በጋዜጣ ላይ። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ልጄ እና ከመንዝ ለጠበል የመጡት አማቴ።

ጋዜጣውን ላጥ አድርጌ አነሣሁት። አማረ። ሰማዩ፣ ጦሩ፣ ገደሉ። ሠራዊቱ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ እንዳሰብኩት። ኅትመት እንደ መስታወት ይገለብጣልና ሳንቃው ላይ ወደ ግራ ነበር የቀረጽኳቸው። በዚህ ጎበዝ ነኝ፤ ፊደል ስገለብጥ የኖርኩ ሰው ነኝ።

አማቴ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ጠጋ አሉ። ረዥም ጊዜ አዩ። "ጎራዴ በግራ የሚታጠቀው ፈረንጅ ነው" አሉ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ። አቅጣጫውን ገለበጥኩ እንጂ ሰዎቹን አልገለበጥኳቸውም። ሳንቃው ላይ እያንዳንዱን ወታደር ስነድፍ "ጎራዴ በቀኝ፣ ጦር በቀኝ እጅ፣ ጋሻ በግራ" እያልኩ በጥንቃቄ ነበር። ሲታተም ሁሉም ተገለበጠ። ጎራዴው በግራ፣ ጦሩ በግራ እጅ፣ ጋሻው በቀኝ። ሃያ ሦስት ወታደር።

ሠራዊቱ በሙሉ ግራኝ ሆኗል።

ለአናጢው ወዳጄ ስልክ ደውዬ ነገርኩት። ለትንሽ ጊዜ ድምፅ ጠፋ። ከዚያ በሳቅ ፈነዳ። "ታዲያ ይሄ የእኛ ሠራዊት ነዋ!" አለ። "ሰማንያ ዓመት ቀድሞ የመጣ!"

ታኅሣሥ 6

ጥገና። እንጨት የጎደለውን አይመልስም፣ ግን ይህኛው ስህተት መውጫ ነበረው። የወታደሮቹ ገላ አብዛኛው ጥቁር ነው፣ አልተፈለፈለም። ስለዚህ የቀድሞዎቹን ጎራዴዎች ፈልፍዬ አጠፋኋቸው። አዲሶቹን ደግሞ በጥቁሩ ገላ ላይ በነጭ ጭረት አስታጠቅኋቸው፣ በቀኝ ጎን። ከበፊቱ በለጠ እንጂ አላነሰም። ጨለማ ውስጥ ጎራዴው ብልጭ ያለ ይመስላል።

ጋሻው ይበልጥ አስቸገረ። ለአሥራ ሁለቱ ከሳንቃው ላይ ትንሽ ካሬ ቆርጬ አውጥቼ፣ በልኩ ሌላ የዋንዛ ቁራጭ በኮላ ሰክቼ፣ እንደገና ፈለፈልኩ። ስምንቱ ጋሻ በሰው ተጋርዶ የማይታይ እንዲሆን ተደረገ። የቀሩትን ሦስቱን ተውኳቸው። የትኛውም ጦር ውስጥ ሁለት ሦስት ግራኝ አይጠፋም።

አማቴ ከመሄዳቸው በፊት ሌላም ነገር ሰጡኝ። ቤታቸው የአያታቸው እርካብ አለ። ትንሽ የብረት ቀለበት ነች። የድሮ ሰው ጫማ አያደርግም፤ አውራ ጣቱን ብቻ ነው እርካቧ ውስጥ የሚያስገባው። በእጃቸው ጣት አሳዩኝ። ፈረሰኞቼ ሙሉ እግራቸውን ከተው እንደ ፊልም ሰው ተቀምጠው ነበር። አስተካከልኩ። ይሄኛው ቀላል ነበር።

ታኅሣሥ 14

ብርድ። ቀለሙ የማተሚያ ቤት ቀለም ነው፣ በቆርቆሮ የሚሸጠው። ሌሊት ውርጭ ሲመታው ጠዋት እንደ ሬንጅ ይሆናል። ሮለሩ ላይ ይለጠፋል እንጂ አይንከባለልም። ሳንቃው ላይ በግድ ስጭነው የጦሮቹን ጭረት ሞላቸው። ስልሳ ጦር በአንድ ጊዜ ጠፋ። በመርፌና በነጭ ጋዝ አንድ በአንድ አጸዳሁ። ሰው ጦር ሲያጸዳ ቢያንስ ይኮራል።

ቀለሙን የማሳሳበትን መስታወት ከሰል ምድጃ አጠገብ አደረግኩ። በጣም አቀረብኩት። ተሰነጠቀ። ሌላ መስታወት፣ በመሐሉ አንድ ክንድ ርቀት፣ ከቀለሙ ላይ ሁለት ጠብታ የተልባ ዘይት። አሁን ይሄዳል። ከረፋዱ አራት ሰዓት በፊት ግን አልነካውም።

ታኅሣሥ 20

መጋረጃው። ሆን ብዬ ለመጨረሻ ያቆየሁት ነው።

መካከለኛው ሳንቃ ላይ የመዳፍ ሦስት እጥፍ የሚሆን ባዶ እንጨት ለሁለት ወር ተቀምጧል። ልጄ "ንጉሡ መቼ ይመጣል?" ትለኛለች። ጋሼም እንደዚያው።

መንጦላዕቱ ቀይ ነው። የቀረው ሁሉ ጥቁር። ሁለተኛ ሳንቃ ለቀይ መፈልፈል ጊዜ የለም። ስለዚህ በብረት መጋዝ ስለት መጋረጃውን ዙሪያውን ቆርጬ ከሳንቃው አወጣሁት። አሁን ለብቻው ቁራጭ ነው። ቁራጩን ቀይ እቀባለሁ፣ ሳንቃውን ጥቁር እቀባለሁ፣ ቁራጩን ወደ ቦታው እመልሳለሁ፣ አንድ ላይ ይታተማል። ልኩ ጥሩ ነው። ዙሪያውን የፀጉር ያህል ነጭ መስመር ይተዋል፣ እሱም ተስማማኝ።

ለሦስት ቀን እጥፋት ብቻ ፈለፈልኩ። ጨርቅ ሲንጠለጠል ከላይ ጠባብ፣ ከታች ሰፊ ነው። ነፋስ ከኋላ ሲመጣ ሆዱን ይነፋል። ውስጡ ሰው እንዳለ የሚያስታውቀው ምንድነው? ቤት ውስጥ ልጄን ነጠላ ይዛ እንድትቆም አድርጌ፣ ባለቤቴን ከኋላ በርጩማ ላይ አስቀምጬ አየሁ። ትከሻ ጨርቁን ሲነካ ሁለት እጥፋት ይቋረጣል። በቃ። ያንን አደረግኩ። ቀረብ ብሎ ለሚያይ ሰው ትከሻው አለ።

ከታች የበቅሎዋ እግሮች ይታያሉ። ነፋሱ የመጋረጃውን ጫፍ ትንሽ ገለጥ አድርጎታል። እዚያ አንድ ባዶ እግር አለ። አውራ ጣቱ እርካቧ ውስጥ ገብታለች። የንጉሡ የሚታየው ይሄ ብቻ ነው። የፈለፈልኳት በጃንጥላው ዘንግ ነው፣ ከምስር ፍሬ አትበልጥም። ሁለት ሰዓት ፈጀችብኝ።

ታኅሣሥ 24

ኅትመት በአቡጀዲ ላይ። ወረቀት በዚህ ርዝመት አልተገኘም፣ ቢገኝም የምግብ ቤት እንፋሎት አይችልም። አቡጀዲውን በስታርች አጠንክሬ፣ ተኩሼ፣ ሦስቱን ሳንቃ ወለል ላይ ደርድሬ አለበስኩት። ማሸቱ ከሦስት ሰዓት በላይ ወሰደ። ማንኪያው እጄን ላጠው። አናጢው ወዳጄ ሊያግዘኝ መጥቶ የመጀመሪያውን ሳንቃ እሱ አሸልኝ፣ ሦስተኛውንም እኔ ሳልነግረው ያዘ።

አራት ታተመ። የመጀመሪያው ላይ መጋረጃው ሸርተት ብሎ ቀዩ ወደ በቅሎዋ ጆሮ ገባ። ሁለተኛው ገረጣ። ሦስተኛው ጥሩ ነው። አራተኛው ይበልጣል።

ሸርተት ያለውን ወዳጄ ወሰደው። አበላሽቼዋለሁ ብለውም አልሰማኝም።

ታኅሣሥ 28

ማታ ሰቀልነው። ምግብ ቤቱ ውስጥ ገና የጾም ሽታ አለ፤ በጓሮ በኩል ግን በጉ ይጮሃል። ጋሼ ከሩቅ ቆመው አዩ። ነጋሪቱን፣ አንበሶቹን፣ ጦሩን፣ ገደሉን። "ተጉለት" አሉ ለራሳቸው። ምርኮኞቹ ጋ ትንሽ ቆዩ፣ ምንም አላሉም። ከዚያ ወደ መሐል መጡ።

መጋረጃው ፊት ቆሙ። የሚቆጡ መስሎኝ ስለ አልቫሬዝ የምለውን እያዘጋጀሁ ነበር። መነጽራቸውን አወጡ። ጎንበስ አሉ። በጣም ጎንበስ አሉ፣ ወገባቸውን ይዘው።

"እግራቸው ናት?"

"አዎ ጋሼ።"

"የቱ እግራቸው ናት? ቀኝ ነው ግራ?"

ቶሎ አልመለስኩም። መጀመሪያ የራሴን እግሮች አየሁ፣ ከዚያ የበቅሎዋን አቅጣጫ፣ ከዚያ እንደገና የራሴን።

"ቀኝ ናት ጋሼ" አልኳቸው።